ለካ የጎልፍ ዱላውን የሚወነጭፈው እግር ነው፦ የአምስት ወር ማስታወሻ

ባለፈው ስጽፍ "በድራይቨር፣ ማለትም ኳስ በጣም ለማራቅ በሚያገለግለው የጎልፍ ዱላ፣ የምመታውን ርቀት በ20 ሜትር እጨምራለሁ" ብዬ ፎክሬ ነበር። አምስት ወር ሆነኝ። የጨመርኩት 9 ሜትር ነው። ሳቁብኝ፣ ችግር የለም። የዘገየሁበት ምክንያት ግን አሁን ገብቶኛል፤ እናንተም ጊዜ እንዳታባክኑ ልንገራችሁ።

ጂም እንድገባ ያነሳሳችኝ ስዊድናዊቷ ጎልፈኛ አኒካ ሶረንስታም ናት። ከዓለም ምርጦች አንዷ ከሆነች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከባድ ብረት ማንሳቱን አጠበቀች። እ.ኤ.አ. በ2002 ብቻ 11 የኤልፒጂኤ (የሴት ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር) ውድድሮችን አሸንፋለች። ሁሉን ያመጣው ብረቱ ነው አልልም፤ ከዚያ በፊትም ታሸንፍ ነበር። ኳሷ ግን ይበልጥ መራቅ ጀመረ።

እኔም ተነሳሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያጠፋሁት ክንድና ደረት ላይ ነው። ዱላ የሚያዘው በእጅ አይደል? ትከሻዬ ደረቀ። ወደ ኋላ ስዞር ግማሽ መንገድ ላይ እቀራለሁ፣ ኳሱም ወደ ቀኝ ይሸሻል። ፍጥነቴ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ የፕሮዎቹን ስዊንግ (የዱላ አወዛወዝ) በዝግታ እያጫወትኩ ማየት ጀመርኩ። አሜሪካዊቷን ጎልፈኛ ሌክሲ ቶምፕሰንን እዩዋት። ኳሱን ስትመታ ሁለቱም ተረከዞቿ ይነሱና በእግር ጣቶቿ ትቀራለች። መጀመሪያ ስህተት መስሎኝ ነበር። ለካ መሬቱን በኃይል እየገፋችው ነው። ጉልበቱ ከእግር ይነሳል፣ በዳሌና በሆድ በኩል ያልፋል፣ ክንድ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ጦር ወርዋሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። (አትሌትም ጎልፈኛም የነበረችው ቤብ ዛሃሪያስ ትዝ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1932ቱ ኦሎምፒክ በጦር ውርወራና በ80 ሜትር መሰናክል ወርቅ ወስዳ፣ በ1950 ኤልፒጂኤን ከመሠረቱት 13 ሴቶች አንዷ የሆነችው። ኳስ አርቃ ብትመታ አይገርምም።)

ሌላው ምክንያት የጊዜ ማጠር ነው። ዱላው ከላይ ተነስቶ ኳሱ ጋ እስኪደርስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጀው። ጡንቻ ሙሉ ጉልበቱን ለማውጣት ይህ አይበቃውም። ስለዚህ ስኳቴ (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ከ35 ወደ 60 ኪሎ ማደጉ ብቻውን ሩቅ አይወስደኝም፤ ያንን ጉልበት ቶሎ ማውጣት አለብኝ። ስኳትና ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) መሠረቱን ይጥላሉ። ፍጥነቱን የሚያመጡት ዝላይና የከባድ ኳስ ውርወራ ናቸው። እኔ እነዚህን የጀመርኩት በአራተኛው ወር ነው። ቀሪው 11 ሜትር እዚያ የተደበቀ ይመስለኛል።

የዱላዬ ፍጥነት በሰዓት ከ120 ወደ 124 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሏል። የኤልፒጂኤ ተጫዋቾች አማካይ 150 ገደማ ነው፣ በወንዶቹ ውድድር በፒጂኤ የሚጫወቱት ደግሞ ከ180 ያልፋሉ። ገና ነኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከ9ኙ ሜትር ሦስቱ ከጂም የመጡ አይደሉም። የኤልፒጂኤ ሴቶች በድራይቨር ኳሱን በአማካይ 3 ዲግሪ ገደማ ወደ ላይ እያነሱ ይመቱታል፤ ወንዶቹ በአማካይ ጥቂት ወደ ታች ነው የሚመቱት። ፍጥነት ያነሰው ሰው ርቀቱን የሚያካክሰው በዚህ ነው። እኔም ቲውን (ኳሱ የሚቀመጥበትን ትንሽ ችካል) ከፍ አድርጌ፣ ኳሱን ወደ ፊት እግሬ አስጠጋሁት። የአንድ ቀን ሥራ! ከሁለት ወር የክንድ ስፖርት የተሻለ ጠቀመኝ።

አንድ ጥፋትም ሠርቻለሁ። በሦስተኛው ወር ከከባድ ዴድሊፍት ማግስት 100 ኳስ ልምታ ብዬ ወገቤ ያዘኝ። አስር ቀን ዱላ አልነካሁም። አሁን እግር በሠራሁ ማግስት ፐት (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ማንከባለል) ብቻ ነው የምለማመደው።

ውጤቴስ? በጎልፍ የሚያሸንፈው ምቱ ያነሰ ነው፤ እኔ በአማካይ አንድ ምት ብቻ ነው የቀነስኩት። ፐቴ ያው ነው፤ እሱን ስኳት አያድነውም።

ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት በሳምንት ሁለት ቀን ብረት፣ አንድ ቀን ዝላይና ውርወራ ይዣለሁ። ወገብ ይዟችሁ የሚያውቅ ካላችሁ፣ ወደ ከባድ ዴድሊፍት የተመለሳችሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው?