ከማርሽሜሎው በፊት የነበረው ትምህርት ቤት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የማርሽሜሎው ሙከራ ተተረከልን። አንድ ሕፃን ብቻውን ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል፤ ማርሽሜሎው የሚባል አንድ ለስላሳ ጣፋጭ ይቀርብለትና «እኔ እስክመለስ ሳትበላው ከጠበቅከኝ ሁለት ይሰጥሃል» ይባላል፤ አሠልጣኙ እንዳሉት የታገሠው ልጅ አድጎ የሚሳካለት፣ ያልታገሠው ደግሞ የሚቸገር ይሆናል። በማግስቱ ክፍሌ ውስጥ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አስቀምጬ በደስታ ከረሜላ ሞከርኩት። በሩን ዘግቼ ሠላሳ ሳልቆጥር ከረሜላው አፏ ውስጥ ነበር፤ ወረቀቱን ግን በጥንቃቄ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። ለምን እንዳልጠበቀች ስጠይቃት «ወንድሜ ይወስድብኛላ!» አለችኝ። ወንድሟ በዚያ ሰዓት ቤቱ ነበር።

ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ሙከራው መጀመሪያ የት፣ በማን ልጆች ላይ እንደተሠራ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከጣፋጩ ይልቅ ግን ጣፋጩ የቀረበበት ትምህርት ቤት ታሪክ ያዘኝ። ትምህርት ቤቱ በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የቢንግ መዋዕለ ሕፃናት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቢንግ «ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት» ነው፤ ልጆች እየተማሩ ተመራማሪዎችም የሚያጠኑበት ማለት ነው። ስሙ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረውን የበዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት የሚያስታውሱ ታላላቆች ዛሬም አሉ። እዚያ ይማሩ የነበሩት ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው እንጂ ጫማቸውን ማሰር ያልቻሉ ሕፃናት አይደሉም።

ሐሳቡ የተጀመረው ከቢንግ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ፈላስፋው ጆን ዱዊ በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 16 ልጆች ይዞ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ፊዚክስ ያለ ቤተ ሙከራ እንደማይጠና ሁሉ የትምህርት ጥናትም ልጆች በእውነት የሚማሩበት ቦታ ያስፈልገዋል የሚል እምነት ነበረው። በ1921 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ምርምር ጣቢያ ትምህርት ላልጀመሩ ሕፃናት የራሱን መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥም ከሮክፌለር ቤተሰብ ሀብት በተገኘ ገንዘብ በሚኒሶታ፣ በበርክሌይና በቶሮንቶ ተመሳሳይ የሕፃናት ጥናት ተቋማት ተቋቋሙ።

በስታንፎርድም ከቢንግ በፊት የዩኒቨርሲቲው መዋዕለ ሕፃናት ነበር። የሥነ ልቡና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ በ1961 ያሳተሙት፣ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ያንኑ እንደሚደግሙ ያሳየው ጥናት የተሠራው በዚያ በነበሩ 36 ወንዶችና 36 ሴቶች ልጆች ላይ ነው። ይሁን እንጂ ለሕፃናትም ለምርምርም ታስቦ ከመሠረቱ የተሠራው ሕንፃ የተከፈተው በ1966 ነው፤ ገንዘቡ የመጣውም ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንና ትምህርት ቤቱ በስሙ ከሚጠራው ከቢንግ ቤተሰብ ነው።

የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ኢዲት ዳውሊ፣ ተገቢውን ያህል ስሟ የማይነሣ ሴት ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኦሬጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ፣ የካይዘር የመርከብ ፋብሪካዎች ለሠራተኛ እናቶች በከፈቷቸው የሕፃናት ማቆያዎች ውስጥ ሠርታለች። እነዚያ ማቆያዎች እንደ ፋብሪካው ፈረቃ ሌት ተቀን ክፍት ነበሩ፤ እናት ልጇን ስትወስድ ቤት ወስዳ የምታሞቀው የተዘጋጀ ምግብ መግዛት ትችል ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ በ1945 ተዘጉ። የእናትን ድካም በዚህ ልክ ያሰበ ቦታ ላይ የሠራ ሰው መዋዕለ ሕፃናት ሲያቋቁም ከወረቀት ላይ ንድፈ ሐሳብ ብቻ እንደማይነሣ መገመት አያዳግትም።

ቢንግ ውስጥ ዋናዎቹ የመማሪያ ነገሮች እስከ ዛሬ አምስት ናቸው፦ የእንጨት ብሎኬት፣ ሸክላ ጭቃ፣ ቀለም፣ አሸዋና ውኃ። ሕፃኑ የፈለገውን ይሠራባቸዋል፤ ጭቃው «ድስት ሥራ» ብሎ አያዘውም። እያንዳንዱ ክፍል ወደ ሰፊ የራሱ ግቢ ይከፈታል። ከክፍሎቹ አጠገብ ደግሞ ከአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ መስታወት ያላቸው ጠባብ መመልከቻዎች አሉ፤ የሥነ ልቡና ተማሪው ከጀርባ ቆሞ ይመለከታል፣ ልጁ ግን በመስታወቱ ውስጥ የሚያየው የራሱን ፊት ነው። ለሙከራ የተለዩ ትንንሽ ክፍሎችም ተሠርተው ነበር፤ የማርሽሜሎው ሙከራ ባለቤት የሆነው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዋልተር ሚሸል ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሕፃናቱን ከጣፋጭ ጋር ያስቀመጠባት ክፍል «የድንገቴ ክፍል» ትባል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ደወል ነበር፤ መጠበቅ ያቃተው ልጅ ሲደውል ሰውየው ይመለሳል፣ አንዱንም ይበላል። ከመስታወቱ ጀርባ የታየው ነገር ነው ጥናቱን ሕያው ያደረገው፤ አንዱ ዓይኑን በእጁ ይሸፍናል፣ ሌላዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትዘፍናለች፣ ለመተኛት የሚሞክርም አለ።

በሥልጠናው ላይ ያልተነገረን ነገር ቢኖር የሚሸል የመጀመሪያ ጥያቄ የልጁን የወደፊት ዕጣ መተንበይ አለመሆኑ ነው። ማወቅ የፈለገው ልጁ በሚጠብቅበት ጊዜ ሐሳቡን የት እንደሚያሳርፍ ነበር፤ ያገኘውም ጣፋጩን እንደ ደመና እንዲያስብ የተነገረው ልጅ ብዙ መጠበቅ እንደሚችል ነው። ትንቢቱ የመጣው በኋላ ነው። የሚሸል ሦስቱም ሴት ልጆች በቢንግ ተምረዋልና፣ ስለ ድሮ የክፍል ጓደኞቻቸው ሲጠይቃቸው የሚሰጡት መልስ ቀድሞ ከመዘገባቸው ደቂቃዎች ጋር የሚገጥም መሰለው። በ1990 በታተመው ክትትል በሙከራዎቹ ካለፉት ከ600 የሚበልጡ ሕፃናት መካከል የተካተቱት 185 ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም የፕሮፌሰሮችና የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ።

የላቦራቶሪ መዋዕለ ሕፃናት ትልቁ ድካም ይህ ይመስለኛል። አባቱ በሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚውል፣ ቃል ተገብቶለት የሚፈጸምለት ልጅ እንዴት እንደሚጠብቅ አየንና ስለ ልጅ ሁሉ ተናገርን። በ2013 የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 28 ሕፃናትን ሲፈትሹ፣ አስቀድሞ ቃሉን የጠበቀ ሰው ያጋጠማቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲጠብቁ ቃሉን ያጠፈ ሰው ያጋጠማቸው ግን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ጠብቀዋል። በ2018 ደግሞ ከ900 በላይ ልጆች የተካተቱበት ጥናት፣ የቤተሰብ ኑሮና መሰል ነገሮች ሲታሰቡ የትዕግሥቱ ትንቢት እጅግ እንደሚደክም አሳየ። ወንድሟን የፈራችው ተማሪዬ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኝ ነበር።

ይህን ስል ትምህርት ቤቱን ማሳነሴ አይደለም። በ1973 የታተመው የማርክ ሌፐርና የባልደረቦቹ ጥናት እዚያው ባይሠራ ኖሮ እኔ ዛሬም በሥዕል ሰዓት ኮከብ እለጥፍ ነበር። ባለቀለም እስክሪብቶ የሚወዱ ሕፃናት ሥዕል ቢሥሉ የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው፤ ሽልማቱን ከወሰዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት እስክሪብቶውን በራሳቸው ፈቃድ ያነሡበት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ጊዜ ግማሽ ያህል ነበር። ኮከቦቹ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ ወላጆች ሲጠይቁኝ ማስረዳቱ አሁንም ቀላል አልሆነልኝም።

ከሁሉ ያስቀናኝ ግን ሌላ ነው። በቢንግ ተመራማሪ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ክፍል ገብቶ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ ይጫወታል፣ ስሙንም እስኪለምዱት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሙከራው ክፍል «እንሂድ?» ብሎ የሚጠይቀው፤ ልጁ እምቢ ካለ ወደ አሸዋው ይመለሳል። እኔ ከረሜላውን ይዤ የገባሁ ቀን ያቺን ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም ነበር።