ደረጃውን ስንቆጥር

ዛሬ ከአባዬ ጋር ስድስት ኪሎ ሄድን። ሰባት ዓመት የሆነውን ልጄንም ይዤው ነበር።

ግቢው ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማው በደም ታጠበ። ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ለተማሪዎች ሲሰጡ 1954 ዓ.ም. ነው።

ቤተ መዘክሩ ፊት ለፊት ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ጣልያን ነው የሠራው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሎኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ወዴትም አያደርስም። ከድል በኋላ አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ይህን ሳይ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

አባዬ ተማሪ ሆኖ እዚህ ጥላ ስር ይቀመጥ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጆች አንድ ዶርም ውስጥ ተኝተው፣ አንድ ካፌ በልተው፣ «የኔ አገር» «ያንተ አገር» እየተባባሉ ነው ኢትዮጵያን ያወቋት። «መሬት ላራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. የወጡትም ከዚሁ ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተገደለው የተማሪዎች መሪ ጥላሁን ግዛውም የዚሁ ግቢ ልጅ ነበር። አባዬ ስሙን ሲጠራ ድምፁ ዝቅ አለ። ብዙ ጓደኞቹ ከዚያ በኋላ በመጣው ጊዜ አልተረፉም።

ልጄ ደረጃውን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። «ቆጥሬ ጨረስኩ!» አለ። «ጎበዝ» አለው አባዬ፤ «አሁን አንበሳውን እየው።»