ላብ የፈተነው ማሰሪያ፦ ለስማርት ሰዓቴ የቆዳ ማሰሪያ እንዴት እንደሠራሁ

ድሬዳዋ ላይ ክንድ ላይ የሚታሰር ነገር ሁሉ ፈታኙ ላብ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ በመሆኗ፣ በግንቦትና በሰኔ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ የሸሚዙ እጅጌ ይረጥባል። ይህን አሁን በሁለት መስመር ጻፍሁት እንጂ፣ ለስማርት ሰዓቴ የቆዳ ማሰሪያ ስሠራ በትክክል የገባኝ አምስት ማሰሪያ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ስድስተኛው እስካሁን እጄ ላይ አለ።

ሰዓቴ ሳምሰንግ ጋላክሲ ዎች 4 ነው። አብሮት የመጣው ማሰሪያ ሲያረጅ ከገበያ የገዛሁት የላስቲክ ተተኪ ከሥሩ ላብ እያቆረ የእጄን አንጓ ሽፍ ያደርገው ጀመር። ቆዳ ይተነፍሳል ሲባል ስለሰማሁ፣ ቤት ውስጥ ተጥሎ የነበረ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ በምላጭ ቆርጬ ሥራውን ጀመርሁ። ቀን ቀን ሒሳብ የምሠራ ሰው ስለሆንሁ የያንዳንዱን ሙከራ ልክ፣ ውፍረትና ጉድለት በደብተር መዝግቤያለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ከዚያ ደብተር የተወሰደ ነው።

የመጀመሪያው ማሰሪያ መነሻ የአባቴ ባለ ሞላ ሰዓት ነበር። የእሱ ማሰሪያ አንድ ወጥ ቆዳ ሆኖ በሰዓቱ ጀርባ ሥር የሚያልፍ ስለነበር፣ ማሰሪያውን ከሰዓቱ ጋር የሚያያይዘው ፒን ቢነቀል እንኳ ሰዓቱ አይወድቅም፤ እኔም ይህን ብልሃት እንዳለ ወሰድሁት። ውጤቱ የሚያስቅ ሆነ፤ ሰዓቱ እጄ ላይ ታስሮ ሳለ እጅ ላይ አይደለሁም እያለ በየደቂቃው ይቆለፍ ጀመር። ስማርት ሰዓት የልብ ምት የሚለካው ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳችን በመላክ ነው። ደም ይህን ብርሃን ስለሚመጥጠው፣ በእያንዳንዱ ምት የደሙ መጠን ከፍና ዝቅ ሲል ተመልሶ የሚመጣው ብርሃንም አብሮ ይለዋወጣል፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ያንን ለውጥ ነው። እኔ ደግሞ በእጄና በሰዓቱ ዓይን መካከል ሁለት ሚሊሜትር የላም ቆዳ አስገብቼ ነበር። የአባቴ ሰዓት ማሰሪያ ሥራው ሰዓቱን እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ነበር፤ የእኔው ግን የሰዓቱን ጀርባ ሳያጠብቅም ሳያላላም ከቆዳ ጋር አገናኝቶ ማቆየት ነበረበት።

ስለዚህ ሁለተኛውን እንደማንኛውም ማሰሪያ ከሁለት ቁራጭ ሠራሁት። ፒኑ በሚገባበት በኩል ወርዱ 20 ሚሊሜትር፣ ወደ ዘለበቱ ሲጠጋ 18 ሚሊሜትር ሆነ፤ ርዝመቱ በዘለበቱ በኩል 75፣ ቀዳዳ ባለው በኩል 115 ሚሊሜትር ነበር። ልኩ ትክክል ነበር፤ ያላሰብሁት ውፍረቱን ነው። ሁለት ሚሊሜትር ቆዳ በፒኑ ዙሪያ ሲታጠፍ ከአራት ሚሊሜትር በላይ ይሆንና የሰዓቱን አካል እየገፋ ወደ ታች መታጠፍ ያቅተዋል። ሰዓቱም በሁለት ደረቅ ክንፎች ላይ እንደቆመ ሆኖ ጀርባው ከእጄ ብድግ ይላል፤ ሌሊት የተመዘገበው የልብ ምት በየመካከሉ ተቆራርጦ አገኘሁት።

ችግሩን ይዤ መጋላ ሰፈር ወደሚሠራ አንድ ጫማ ሰፊ ሄድሁ። ዕድሜው ከአባቴ የሚስተካከል ሰው ነው፤ በድሬ ወግ ግን አንተ እየተባባልን ነው የምናወራው። ማሰሪያውን ከእጄ ወስዶ በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ጎበጥ አደረገውና፣ «አቦ፣ ሳታሳሳው ነው እንዴ የምታጥፈው?» አለኝ። ከዚያ ከሳጥኑ የተሰበረ የመስታወት ስባሪ አወጣ፤ ቆዳውን በጉልበቱ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ዘረጋና በስባሪው ጠርዝ የውስጡን ፊት ወደ ራሱ እየሳበ ይፍቀው ጀመር። የሚወጣው ፍቅፋቂ እንደ ጥጥ ብናኝ ነበር። እኔ የገመትሁት መታጠፊያው ላይ ብቻ እንደሚያሳሳው ነው፤ እሱ ግን ከጫፉ ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ሄዶ፣ ቁልቁለት እንደሚሠራ ሰው ቀስ በቀስ ከሁለት ሚሊሜትር ወደ አንድ ሚሊሜትር ያልሞላ ውፍረት አወረደው። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ወፍራሙና ስሱ በድንገት ከተገናኙ ቆዳው የሚሰነጠቀው እዚያው መገናኛው ላይ እንደሆነ አስረዳኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሠራኋቸው ሁሉ አንድም በመታጠፊያው የተሰነጠቀ የለም። ለዚህ ትምህርት የከፈልሁት የአንድ ሻይ ዋጋ ነው።

ሦስተኛውን ባጭሩ ልለፈው። ቅርጹ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ቡናማውን ቆዳ ለማጥቆር የጫማ ቀለም ቀባሁት፤ በሦስተኛው ቀን ጥቁሩ በግማሽ እጄ ላይ፣ በግማሽ የነጭ ሸሚዜ እጅጌ ላይ ተገኘ። የጫማ ቀለም ከሰም ጋር ተዋሕዶ ከላይ የሚቀመጥ ነው፤ ላብና ፍትጊያ ሲያገኘው ይለቃል። ጫማ ላይ ይህን የማናየው ጫማ ከሸሚዝ ጋር ስለማይገናኝ ብቻ ነው።

አራተኛው ላይ ቀለምን ጨርሼ ለመተው ወሰንሁና፣ በዕፅዋት ቅርፊት የለፋ የበሬ ቆዳ ቁራጭ አዲስ አበባ ከሚመላለስ ወዳጄ አስመጣሁ። አብዛኛው የቦርሳና የጫማ ፊት ቆዳ በክሮም ጨው የለፋ ነው፤ ይህ ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ መሐሉ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ለስላሳ ነው፣ ውኃም ይችላል፤ ጠርዙ ግን ቢታሽም አይወለወልም። በዕፅዋት የለፋው እስከ መሐሉ ቡናማ ነው፤ ጠርዙ እርጥብ ተደርጎ በጨርቅና በንብ ሰም ሲታሽ እንደ ተወለወለ እንጨት ያበራል፤ ፀሐይና የእጅ ወዝ ሲያገኘውም እያደር ይጠይማል። በዚህ ጠርዝ ተማርኬ ሁለት ቀን ሙሉ ሳሸው እንደዋልሁ አልደብቅም።

ያስደነገጠኝ በሁለተኛው ሳምንት የመጣው ነው። ዘለበቱ በተቀመጠበት ቦታ ዙሪያውን ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ሰማያዊ ጥቁር ቀለበት ወጣ። ቀለም አልቀባሁትም፤ ታዲያ ከየት መጣ? መልሱ ዘለበቱ ውስጥ ነበር። ከአሮጌው ቦርሳ የነቀልሁት ዘለበት ከላይ ኒኬል የተለበጠ፣ ውስጡ ግን ተራ ብረት ነው፤ ልባጡ ተፍቆ ስለነበር ብረቱ ከላቤ ጋር ተገናኘ። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ውስጥ ታኒን አለ፤ ታኒንና ብረት በእርጥበት ሲገናኙ ይጠቁራሉ። የድሮ ጸሐፊዎች ከብረትና ከታኒን የሚያዘጋጁት የጽሕፈት ቀለም የሚጠቁረውም በዚሁ መንገድ ነው፤ እኔ ሳላውቀው እጄ ላይ ቀለም እበጠብጥ ነበር ማለት ነው። የሎሚ ጭማቂ ስቀባው እድፉ ደብዘዝ አለ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ዘለበት ስገዛ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ፤ ማግኔቱ አጥብቆ የሚይዘውን ዘለበት አልገዛም። ሻጮቹ መጀመሪያ ቢገረሙም አሁን ለምደውኛል።

ያው ማሰሪያ ሌሎች ሁለት ጉድለቶችም ነበሩበት። የላዩንና የውስጡን ቆዳ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ስላጣበቅኋቸው፣ እጄ ላይ ሲታጠፍ የውስጡ ተሸበሸበ። ይህ የጥራት ጉዳይ ሳይሆን የስሌት ጉዳይ ነው፦ ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ነገር ሙሉ ዙር ሲሠራ የውጭው ዙሪያ ከውስጠኛው በ12 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይበልጣል። ያ ትርፍ ቆዳ የሚሄድበት ስለሌለው ይጨማደዳል፤ ጭምድዱም ውስጥ ላብ ይከማቻል። ሁለተኛው ጉድለት ጠርዙ ነበር። ያ ሁለት ቀን የታሸ ውብ ጠርዝ በአንድ ወር ውስጥ በማስቲሹ መሥመር ለሁለት ተከፈለ፤ ላቡ ሰሙን አልፎ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ገብቶ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ሐረር ነው፤ የሄድሁት ግን ለዘመድ ሠርግ ነበር። በደንገጎ ዳገት ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘና ማሰሪያው ራሱ እጄ ላይ ላላ፤ ይህንንም መዝግቤዋለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ጊዜ ስለነበረኝ ጀጎል ውስጥ፣ በራስ ተፈሪ ቤት ወደሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ገባሁ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከሰበሰቧቸው ቅርሶች መካከል የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ሐረር በመጽሐፍ ድጉሰት፣ ማለትም መጽሐፍን በቆዳ በመለበጥ ሙያ፣ የታወቀች ከተማ እንደነበረች ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ስሰማ አድጌያለሁ፤ የመጽሐፍ ጠርዝ ብዬ አጎንብሼ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ቆዳው ጠርዝ ላይ ተቆርጦ አልቀረም። እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ተፍቆ፣ ጠርዙን ዞሮ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ጫፉ ከውስጠኛው ልባጥ ሥር ተደብቋል። ከውጭ የሚታየው ወጥ ቆዳ ብቻ ነው፤ ውኃም ሆነ ወዝ የሚገባበት ስፌትም ሆነ መሥመር ጠርዙ ላይ የለም። እኔ ጠርዙን ለማስዋብ ስደክም፣ እነዚያ ባለሙያዎች ከመጀመሪያውኑ የተቆረጠ ጠርዝ እንዳይኖር አድርገዋል።

አምስተኛው ማሰሪያ በዚህ መሠረት ሦስት ንብርብር ሆነ፦ ከላይ 0.8 ሚሊሜትር የፍየል ቆዳ፣ መሐል ላይ በዕፅዋት የለፋ አንድ ሚሊሜትር ቆዳ፣ ከውስጥ ደግሞ ቀለም ያልነካው ስስ የፍየል ቆዳ ፎደራ። የላዩን ከመሐሉ ስድስት ስድስት ሚሊሜትር አስፍቼ ቆረጥሁና ትርፉን አሳስቼ ወደ ውስጥ አጠፍሁት፤ ማዕዘኖቹ ላይ ቆዳው እንዳይቆለል ትናንሽ እጥፋቶችን በወስፌ ጫፍ እየሰበሰብሁ አስተኛኋቸው። ፎደራውን ያጣበቅሁት ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ዙሪያ ነው፤ የጠርሙሱ ጥምዝ ለእጄ አንጓ ይቀርባል። ስለ ማስቲሽ አንድ ነገር ላክል፦ ሁለቱንም ገጽ ስስ አድርጎ ቀብቶ ጣት ሲነኩት እስከማይለጠፍ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይህ በደጋ አገር ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ድሬ ላይ በቀትር ግን አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንዴ ከተያያዘ ደግሞ ላንቀሳቅሰው ማለት የለም።

ስፌቱን ግን ተሳሳትሁ። ሌላ ጊዜ ሐረር ስሄድ፣ ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ስሙን ባገኘው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰጥቼው እጅግ ያማረ መሥመር ሰፋልኝ። ከሦስት ወር በኋላ በእጄ በኩል ያለው ክር አንድ ቦታ ላይ ተፍትጎ ተበጠሰና አጠገቡ ያሉት ስፌቶች አንድ በአንድ ይለቁ ጀመር። ጥፋቱ የሰፊው አልነበረም፤ የመኪና ስፌት የላይና የታች ክር እርስ በርሳቸው ብቻ የሚያያዙ በመሆናቸው አንዱ ሲበጠስ ሌላው የሚይዘው ያጣል። ስድስተኛውን በእጄ ሰፋሁት፤ በሰም በታሸ አንድ የናይለን ክር ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት መርፌ አስገብቼ፣ በየሦስት ሚሊሜትሩ በወስፌ በበሳሁት ቀዳዳ ሁለቱንም መርፌዎች በተቃራኒ አቅጣጫ አሳለፍኋቸው። ይህ ስፌት አንድ ቦታ ቢበጠስ የቀረው ባለበት ይቆያል።

የቀዳዳዎቹን ርቀት ከሰባት ወደ አምስት ሚሊሜትር ያጠበብሁትም ያን ጊዜ ነው፤ እጄ ከጠዋት ይልቅ ቀትር ላይ ስለሚያብጥ ሰባት ሚሊሜትር ወይ ያጠብቃል ወይ ያላላል።

ይህን ያየ ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ እንድሠራለት ጠየቀኝና ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። እሱ ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ ሰዓቱን ይፈታል፤ የእኔ ማሰሪያ በዓመት የማይታጠፈውን ያህል የእሱ በጥቂት ወራት ይታጠፋል። በሁለት ወር ውስጥ የሚጠቀምበት ቀዳዳ ወደ ሞላላነት ተለጥጦ፣ ቆዳው ዘለበቱ በሚሰብረው ቦታ ላይ ነጭ መሥመር አወጣ። በድጋሚ ስሠራለት መሐል ላይ ጠንካራ የናይለን ጥብጣብ አስገባሁበት፤ ዘለበቱንም ታጣፊ በሆነ የማይዝግ ብረት ተካሁት። ታጣፊ ዘለበት ማሰሪያው አንዴ በልኩ ከተሰካበት በኋላ የሚከፈተውና የሚዘጋው ብረቱ ብቻ በመሆኑ ቆዳው በየጊዜው አይሰበርም። ዋጋው ከቆዳው ሁሉ ይበልጣል፤ ለእሱ ግን ሌላ አማራጭ አልነበረም።

የራሴ ፎደራ በስምንተኛው ወር ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ የላብ ጨው ነጭ ሐረግ ጥሎበት ነበር። የላዩ ቆዳ ግን እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ ማሰሪያውን በመጣል ፈንታ ክሩን በምላጭ እየበጠስሁ ፈታሁት፤ ፎደራውን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጌ ቀስ ብዬ ላጥሁትና፣ አዲስ የፍየል ቆዳ በዚያው ጠርሙስ ላይ አጣብቄ፣ በዚያው በቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች መልሼ ሰፋሁት። አንድ ምሽት ፈጀብኝ። አሁን ፎደራ የምቆርጠው ሁለት ሁለት አድርጌ ነው፤ ሁለተኛው በደብተሩ ውስጥ፣ የማሰሪያው ልክ በተጻፈበት ገጽ መካከል ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።