ወንበር ላይ የተለካ መነጽር

ጅማ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ በምትገኝ ትንሽ የመነጽር ቤት ውስጥ መነጽር ስገጥም አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ደንበኞቻችን መምህራን፣ የቡና ነጋዴዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ቁርአን ማንበብ ያስቸገራቸው አባቶች ናቸው። ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በራችንን ረግጦ አያውቅም።

ልጁ የጅማ ልጅ ነው፤ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። ለዒድ አልፈጥር ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ከደመወዙ እየቆጠበ የፓራሹት ዝላይ ትምህርት ጀምሯል፤ ሁለት ጊዜም ዘሏል። “ጋሼ፣ የዘለልኩት መነጽሬን አውልቄ ነው። እዚያ የሚሰጡን የዓይን መከለያ በእኔ መነጽር ላይ አልገጥም አለ” አለኝ። ለአሠልጣኞቹ አልነገራቸውም።

ቁጥሩ ማይነስ 2.50 ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ያለ መነጽር ጥርት አድርጎ የሚያየው እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ እጁ ላይ የሚያስረውን ከፍታ መለኪያ ጠጋ ካደረገው ያነበዋል። የማያየው የሚያርፍበትን ሜዳ፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያመለክተውን ጨርቅ፣ በአጠገቡ የሚወርደውን የሌላ ሰው ጃንጥላ ነው። ደነገጥኩ። እናቱን ስለማውቃቸው ደግሞ ይበልጥ ደነገጥኩ።

የዚያን ዕለት ሥራዬን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ በሁለቱ ብሌኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካሁ። እንዳይሰበርበት ብዬ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ዘንግ ወፍራም የሆነ ፍሬም መረጥኩለት። ሌንሱን ከፖሊካርቦኔት ቆረጥኩ፤ በዚህ እንኳ አልተሳሳትኩም፤ ፖሊካርቦኔት ቢመታም እንደ መስታወት አይረግፍም። ከላይ የሚደረበውን መከለያ ከሞተር ብስክሌት ዕቃ ሻጭ ገዛን። ጠርዙ ስፖንጅ ያለው፣ በላስቲክ ከራስ ጋር የሚታሰር፣ ጥቁር ነው። ጥቁሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የዱባይን ፀሐይ አስቤ። ደራርቦ አደረገው፤ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዘ፤ አልተነቃነቀም። መርቄ ሸኘሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለ። “ጋሼ፣ ደህና ነኝ፤ የሆነውን ግን ልንገርዎት” አለ።

ከአውሮፕላኑ የወጡት በ4,000 ሜትር ገደማ ነው። በሆዱ ተዘርግቶ የሚወርድ ሰው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ ነፋሱም የሚመታው ከታች፣ ከአገጩ ሥር ነው። እኔ የመረጥኩት ወፍራም ዘንግ ስፖንጁን በጆሮ ግንዱ በኩል ከፊቱ አላቆት ኖሮ በዚያች ክፍተት አየር ገባ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የውስጡ መነጽር ወደ ግንባሩ ተገፋ። ሊያስተካክለው አንድ እጁን ወደ ፊቱ ሰደደ። አየር ላይ ያለ ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው እጅና እግሩን እኩል ዘርግቶ ነው፤ አንዱን ሲሰበስብ መዞር ጀመረ። አሠልጣኙ ከጎኑ ይዞት ስለነበር አቀናው፤ ከፍታውን እንዲያይም በእጁ ምልክት ሰጠው። ልጁ ምልክቱን አላየም። አሠልጣኙም የልጁን ዓይን ማየት አልቻለም፤ ጥቁር አልብሼዋለሁና። ይፍራ፣ ይደንዝዝ፣ ይይ አይይ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። መክፈቻው ከፍታ ላይ ሲደርሱ ጃንጥላውን ራሱ አሠልጣኙ ከፈተለት፤ ልጁም ከመሬት በሬዲዮ እየተመራ አረፈ።

መክፈቻው ከፍታ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። 1,700 ሜትር ገደማ አለኝ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ የምትገኝበት ከፍታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጃንጥላ ሳይከፈት በዚያ ፍጥነት ቢወረድ የግማሽ ደቂቃ መንገድ ነው። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። እሱ ሊያጽናናኝ ይሞክር ነበር፤ ያንን የትምህርት ደረጃ መድገም ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ ይላል።

በማግሥቱ ቡና ላይ ለሱቁ ባለቤት ነገርኳቸው። እትዬ ሥራውን ከባለቤታቸው ተምረው ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመታት መነጽር የገጠሙ ሴት ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና “ልጁ የሚወርደው ቁጭ ብሎ ነው እንዴ?” ብለው ጠየቁ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ለአረፋ ተመልሶ ሲመጣ ሱቁን ከምሳ በኋላ ዘጋንለት። ሁለት አግዳሚ ወንበር ገጥመን በሆዱ አስተኛነው። ደረቱን ገፋ፣ አገጩን ቀና አደረገ፤ ሲወርድ እንዲህ ነው የሚሆነው። በዚያ አኳኋን ዓይኑ የሚያየው በሌንሱ የላይኛው ጠርዝ በኩል ነበር፤ ጠባብ ፍሬም ከሆነ ከሌንሱ በላይ ባዶውን ያያል ማለት ነው። ዘንጉ እንደ ሽቦ የቀጠነና የሚተጣጠፍ፣ ሌንሱ ወደ ላይ ሰፋ ያለ ፍሬም አመጣሁ። ከመነጽር በላይ እንዲደረብ ተብሎ የተሠራ ሰፊ መከለያ እሱ ራሱ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ነጭ፣ ምንም ቀለም የሌለው። ላስቲኩን አጥብቄ በስፖንጁ ዙሪያ ጣቴን አዞርኩ፤ ክፍተት አልነበረም። ቬንቲሌተሩን ከአገጩ ሥር አድርገን ከፈትነው። የቬንቲሌተር ነፋስ ከሰማዩ ነፋስ ጋር አይወዳደርም፤ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ ግን ያሳብቃል።

ጉም የማይዝ መሆኑን የፈተኑት እትዬ ናቸው። የሚፈላውን ጀበና አስጠግተው መከለያውን በእንፋሎቱ ላይ ያዙት። ይህ ቀልድ አልነበረም፤ 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ከመሬቱ በ26 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ የፊት ሙቀትና ትንፋሽ ሌንሱን ያለብሰዋል። ልጁ መከለያውን ዓይኑ ላይ የሚያወርደው ሊወጡ ትንሽ ሲቀራቸው እንደሆነ ነገረን። ቢነሳበት እንኳ ከመነካካቱ በፊት ከፍታውን እንዲያይ አሠልጣኙ አጥብቆ አስጠንቅቆታል። ኮንታክት ሌንስም ሌላ መንገድ መሆኑን ነግሬው ወደ ዓይን ሐኪም ላክሁት፤ እሱን በሱቅ ወንበር ላይ የምወስነው ነገር አይደለም።

ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ሥራውን ሳያሳየኝ መነጽር አልገጥምም። ባለፈው ሳምንት የቡና መፈልፈያ ቤት ሠራተኛ መጣ፤ ገለባው ዓይኑን አቃጥሎታል። መከለያውን አደረገና መስታወት አይቶ “ልክ ነው፣ ስንት ነው ሒሳቡ?” አለ። “እስቲ ጆንያ እንደምታነሣ ሁን” አልኩት። እየሳቀ ጎንበስ አለ። መከለያው ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አንሥቼ ጠረግኩትና ሌላ ላመጣለት ወደ መደርደሪያው ሄድኩ።