ቀኑና ቦታው ጣት ላይ ነው፤ የምልክት ቋንቋ ትምህርቴ እስካሁን የደረሰበት

ባለፈው ስጽፍላችሁ ሰላምታውን፣ የቤተሰብና የገበያ ምልክቶችን ጨርሼ ወደ ጣት ፊደል፣ ማለትም ቃልን ፊደል በፊደል በእጅ ወደ መጻፉ፣ ገብቼ ነበር። አሁንም እዚያው ነኝ። ቀልድ አይደለም፤ ከጣት ፊደልና ከቁጥር ፈቀቅ ሳልል ወራት አለፉ። ግን እዚያ መቆየቴ ያልጠበቅሁትን ጥቅም ሰጥቶኛልና የዛሬው ማስታወሻዬ በሙሉ ስለእሱ ነው።

አዲስ ለተቀላቀላችሁን፦ የምሠራው በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ነው። ካሜራ እይዛለሁ፣ ምስል አቀናብራለሁ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ማታ ማታ መማር የጀመርኩት ማንም ሳያዝዘኝ ነው። በመግለጫዎቻችን ማዕዘን ላይ የምትታየው አስተርጓሚ ምን እያለች እንደሆነ ሳላውቅ ምስሏን ስቆርጥና ስቀጥል መኖር ስላስጠላኝ ብቻ ነው።

የጣት ፊደሉ አሠራር ያስደንቃል። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይነግራችኋል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል። ስለዚህ 231 ፊደል አንድ በአንድ መሸምደድ አይጠበቅባችሁም፤ የቤቶቹን ቅርጽና ሰባቱን እንቅስቃሴ ማወቅ ይበቃል። የገዛ ስሜን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጻፍኩ፤ ብዙም ሳይቆይ የሰፈሬንም። ሌላው ሰው ሲጽፍልኝ ግን ምንም አልያዝኩም። ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ሕፃን ጋዜጣ እንደማያነብ ሁሉ፣ እጄ የሚያውቀውን ዓይኔ አያውቀውም ነበር።

መምህራችን መስማት የተሳናቸው ናቸው፤ ትዕግሥታቸው ወሰን የለውም፤ ቀልዳቸው ደግሞ አያስተኛም። እጃቸው ላይ አፍጥጬ ፊደል ስለቅም ባዩኝ ቁጥር አገጬን በጣታቸው ቀና ያደርጉታል። ሲያነጋግሩን ማየት ያለብን ፊታቸውን ነው። እጅ ከዓይን ጥግ ሆኖ ይታያል፤ ፊት ግን ሰዋስው አለበት። ቅንድብ ጥያቄን ከዓረፍተ ነገር ይለያል፤ ከንፈርና ጉንጭ መጠንን ያሳያል። በጣት የሚጻፍ ቃልም ፊደል በፊደል አይለቀምም፤ መነሻውንና መድረሻውን ይዞ፣ መሀሉን ከወሬው አካሄድ መገመት ነው። ይህን ምክር ካገኘሁ በኋላ ነው ዓይኔ መከፈት የጀመረው። «መርካቶ» ስትባሉ አራት የተነጣጠለ እንቅስቃሴ አትጠብቁ፤ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል።

ለልምምድ የመረጥኩት የራሳችንን መግለጫዎች ነው። ድምፁን አጠፋለሁ፤ ማስታወሻ ደብተር እይዛለሁ፤ ከአስተርጓሚዋ የምቀዳው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ቀን፣ ቦታ፣ የገንዘብ መጠን፣ የሰው ወይም የተቋም ስም። የመንግሥት ማስታወቂያ ቅባቱ ሲገፈፍ የሚቀረው እነዚህ አራቱ ናቸው። «መሥሪያ ቤታችን የኅብረተሰቡን ጥያቄ ከግምት ውስጥ በማስገባት» የሚለው ቢያመልጥ ማንም አይጎዳም። «እስከ ወሩ 15» የሚለው ሲያመልጥ ግን ሰውየው ቅጣት ይከፍላል።

እነዚህ አራቱ በአብዛኛው የሚተላለፉት ደግሞ በጣት ነው። ቁጥር የጣት ሥራ ነው። የታወቁ ሰፈሮችና ከተሞች የራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ያልታወቀ ቦታ፣ አዲስ ስም፣ እንግዳ ሙያዊ ቃል ሲመጣ ግን አስተርጓሚዋ ጣት ወደ መጻፍ ትሄዳለች። ከእጅና ከክንድ ሰፊ እንቅስቃሴ ይልቅ ጣት ትንሽ ነው። ምስሉ ባነሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ዋናው መረጃ በመጀመሪያ የሚጠፋው ነገር ላይ ተጭኗል ማለት ነው።

ይህን መጀመሪያ የእኔ የጀማሪነት ድክመት ነው ብዬ አልፌው ነበር። አንድ ማታ ግን የክፍያ ቀነ ገደብ መራዘሙን የሚገልጽ የድሮ መግለጫችንን ለመምህራችን በስልኬ አሳየኋቸው። የመጀመሪያውን ግማሽ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀኑ ጋ ሲደርስ አቆሙ፤ ወደ ኋላ መለሱ፤ እንደገና አዩ፤ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ትከሻቸውን ሰብቀው መለሱልኝ። ነገሩ ግልጽ ነበር። አስተርጓሚዋ ክብ መስኮት ውስጥ ናት፤ ክቡ ክርኖቿን ቆርጧቸዋል። ከታች ቀዩ የጽሑፍ መስመር እየተንሸራተተ ደረቷ ድረስ ይወጣል። ቁጥሩን የሠራችው ልክ መስመሩ በሚያልፍበት ከፍታ ላይ ነው። ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ቋንቋ የኖሩ ሰው የተረዱት አንድ ነገር መራዘሙን ብቻ ነው፤ እስከ መቼ የሚለውን አላገኙም።

ከዚያ በኋላ ቅንብሬን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በእንግሊዝ የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ያወጣው መመሪያ አስተርጓሚው ከስክሪኑ ከአንድ ስድስተኛ ያላነሰ ቦታ እንዲይዝ ይመክር ነበር። የእኛን ለካሁት፤ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነበር። ክቡን በአራት ማዕዘን ለወጥሁት፤ ያምራል የሚባለው ክብ ለክርን አይሆንም። ከራስ በላይና ከወገብ በታች ትንሽ ቦታ ተውኩ። የሚንሸራተተው ጽሑፍ ከመስኮቱ በፊት እንዲቆም አደረግሁ። ከጀርባዋ አንድ ወጥ ቀለም፣ ልብሷም ከቆዳዋ ቀለም ጋር የማይመሳሰልና ጥለት የሌለው እንዲሆን ተነጋገርን፤ ይህንንማ እሷ ከእኔ ቀድማ ታውቀው ነበር፤ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ።

ሌላው ለእናንተም ለምስል ሠራተኞች የሚጠቅመው ነገር መዘግየቱ ነው። አስተርጓሚ ሐሳቡን ሰምቶ ነው የሚያስተላልፈው፤ ከተናጋሪው በሰከንዶች ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ ደግሞ ኃላፊው «አመሰግናለሁ» እንዳሉ ቆርጠን ዓርማ እናስገባለን። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ የስልክ ቁጥሩ ነው! አሁን እጇ ወርዶ እስኪያርፍ ድረስ አልቆርጥም። ተናጋሪው እያወሩ የግንባታ ወይም የስብሰባ ምስል ሙሉ ስክሪን ሲሞላም መስኮቷ ከላዩ ይቆያል። ድሮ ከነጭራሹ ትጠፋ ነበር፤ ድምፁ ግን ይቀጥላል።

ይህን ያህል ስሠራ ያየ አንድ ኃላፊ በመሀል «ተምረህ የለም እንዴ? አስተርጓሚ መቅጠር ለምን አስፈለገ፤ አንተው ቁም» አለኝ። ለበጀት አስቦ ነው፤ ክፋት የለበትም። እኔ ግን እንቢ አልኩ፤ እናንተም እንዲህ ስትባሉ እንቢ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢርማ የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሊመታ ሲቃረብ፣ ማናቲ በተባለ አካባቢ ነዋሪው ከቤቱ እንዲወጣ በተሰጠ መግለጫ ላይ አስተርጓሚ ሆኖ የቆመው ምልክት ጥቂት የሚያውቅ የዋና ነፍስ አድን ሠራተኛ ነበር። መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ያዩት እንደ «ፒዛ» እና «ጭራቅ» ያሉ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኙ ቃላትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ ትርጉም የለሽ እንቅስቃሴ ሲሠራ የነበረውን ሰውዬም ዓለም ያስታውሰዋል። የማታ ኮርስ የወሰደ ሰው ሻይ ጠጥቶ መጨዋወት ይችላል፤ መንግሥትን ወክሎ መናገር ግን ሙያ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ባለሙያው አለ።

ኃላፊው «ታዲያ ጽሑፍ ከሥር ብናደርግስ?» ሲልም ተከራክረናል። ጽሑፍ ይጨመር፤ ጥሩ ነው። ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በምልክት ቋንቋ ያሰበ ሰው አማርኛን በጽሑፍ የሚማረው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያደገው ደግሞ ብዙ ነው። በዚያ ላይ የመሥሪያ ቤት አማርኛ፣ «ከዚህ ጋር በተያያዘ መልኩ» እያለ የሚጎተተው፣ ለሚሰማውም ፈተና ነው።

ስለ ሕጉም ትንሽ አንብቤያለሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 21 በመንግሥታዊ ግንኙነት የምልክት ቋንቋን መጠቀም እንዲፈቀድና እንዲመቻች ይጠይቃል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። ስለዚህ ጉዳዩ የበጎ አድራጎት አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት የኮሮና መግለጫዎች ያለ አስተርጓሚ መተላለፋቸው በሕግ የተከለከለ አድልዎ መሆኑን ፍርድ ቤት በ2021 ወስኗል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 የምልክት ቋንቋዋን አሥራ ሁለተኛ የሥራ ቋንቋ አድርጋለች። የኬንያ ፓርላማ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር የምልክት ቋንቋን ይጠቀማል።

በእኛ አገር የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በዚያ ሰሞን ድምፅ ማጉያ የጫኑ መኪናዎች ሰፈር ለሰፈር ይዞሩ እንደነበር፣ ስልክ በደወልን ቁጥር «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ድምፅ ይቀድም እንደነበር ታስታውሳላችሁ። 8335 ደውሉ ተባለ። ሁሉም ለጆሮ ነው። አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ ታላቅ እህቱ መስማት የተሳናት ናት፤ ያን ሰሞን የሰፈሩ ሰው ለምን ከእሷ እንደሚሸሽ የገባት ዘግይታ እንደሆነ አጫውቶኛል። ጭምብል ሲመጣ ደግሞ ፊት ላይ ያለው ሰዋስው ግማሹ ተሸፈነ።

ቢሮ ውስጥ እስካሁን የተለወጠው ይህ ነው፦ የመግለጫው ረቂቅ ለአስተርጓሚዋ ከዋዜማው ይላካል፤ ስሞቹና ቁጥሮቹ በአንድ ወረቀት ተለይተው ይሰጧታል። ረጅም ስብሰባ ከሆነ ሁለት አስተርጓሚዎች በየሃያ ደቂቃው ገደማ ይቀያየራሉ፤ አእምሮ ይደክማል፣ የደከመ አእምሮ ደግሞ ቁጥር ይጥላል። የተቀዳ ሥራ ከመውጣቱ በፊት አንድ መስማት የተሳነው ሰው፣ ተከፍሎት፣ ድምፁ ጠፍቶ አይቶ አራቱን ነገሮች ይጽፍልናል። ካልያዛቸው ቅንብሩ ወደ እኔ ይመለሳል። ከሁሉም የሠራልን ይህ የመጨረሻው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ክርክርም ያስቀራል። የቀጥታ ስርጭት ላይ ግን ገና ነን፤ እዚያ መስኮቱን የሚያዘው ሌላ ክፍል ነው፤ ክቡም አሁን ድረስ አለ።

የራሴ ደረጃ? ከመምህራችንና ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ሳልጽፍ ሳልሰርዝ ማውራት ጀምሬያለሁ። የምልክት ስምም፣ ማለትም ስሜ በጣት ሳይጻፍ የምጠራበት ምልክት፣ ወጥቶልኛል፤ ከካሜራ ጋር የተያያዘ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ቁጥር ከመቶ ሺህ በላይ ሲሄድና ከቀን ጋር ሲደባለቅ ግን አሁንም ይጠፋብኛል። የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገጥሙኝማ ደብተሬን እዘጋለሁ።

ለቀጣዩ ያሰብኩት በግማሽ ፍጥነት ማየቱን ትቼ በትክክለኛው ፍጥነት፣ ግን አጫጭር ቁራጮችን ደጋግሞ ማየት ነው። ዝግ ያለ ምስል እጁን ያሳያል እንጂ ፍሰቱን አያስተምርም፤ ብዙ ጊዜ የበላብኝ እሱ ይመስለኛል። ከእናንተ ውስጥ ትልልቅ ቁጥሮችን ለማንበብ ጥሩ መለማመጃ ያገኘ ካለ ይንገረኝ። በተለይ የግብርና የጤና መድኅን ቃላት ላይ የሚሠራ የጥናት ቡድን ያለው ሰው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ።