ፖለቲካን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይዞ ማንበብ

ፖለቲካን ከሥር መሠረቱ ለመረዳት ማንበብ ስጀምር ከየትምህርት ዘርፉ አንዳንድ መግቢያ መጽሐፍ ከመሰብሰብ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዤ ከዘርፍ ወደ ዘርፍ መሻገርን መረጥሁ። ጥያቄዬ «የግልና የጋራ ጥቅም ሲጋጩ ሰዎች እንዴት አብረው ይኖራሉ?» የሚል ነበር።

ከፍልስፍና የጀመርሁት በ1651 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በታተመው የቶማስ ሆብስ «ሌቪያታን» ነው። መጽሐፉ ግዙፍ ቢሆንም ለጀማሪ ከምዕራፍ 13 እስከ 18 ያለው ይበቃል፤ በዚያ ሆብስ ሁሉም የሚፈራው ሥልጣን ከሌለ ሰዎች በጦርነት ሁኔታ ውስጥ እንደሚኖሩ ይሞግታል። እርሱን እንደጨረስሁ በቀጥታ የሰዎችን ባህልና ማኅበራዊ ኑሮ ወደሚያጠናው አንትሮፖሎጂ፣ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 ስለ ኑዌር ሕዝብ ወዳሳተመው ጥናት ተሻገርሁ። እዚያ መንግሥት በሌለበት ማኅበረሰብ የደም ቂም የማስገደድ ሥልጣን በሌለው አስታራቂ አማካይነት ሲበርድ ይታያል። ሁለቱን ሳላራርቅ ማንበቤ እጅግ ጠቅሞኛል፤ የሆብስን ድምዳሜ ከመቀበሌ ወይም ከመጣሌ በፊት በምን ላይ እንደቆመ እንድመረምር አስገድዶኛልና።

ከኢኮኖሚክስ የማንኩር ኦልሰን የ1965 ሥራ ጥያቄውን አከረረው፤ ቡድኑ ሲሰፋ እያንዳንዱ ሰው ሸክሙን ለሌላው መተው እንደሚቀናው ያስረዳል። ከሁሉ ይልቅ የቆየሁበት ግን ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው እንዴት እንደሚያስተዳድሩ የሚያጠናው የኤሊኖር ኦስትሮም የ1990 መጽሐፍ ነው። ኦስትሮም የሠለጠነችው በፖለቲካ ሳይንስ ሆኖ ሳለ በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ማግኘቷ ራሱ በዘርፎች መካከል ያለው አጥር ምን ያህል ዝቅተኛ እንደሆነ ያሳያል። ከምሳሌዎቿ አንዱ ቶርበል የተባለ የስዊዘርላንድ የተራራ መንደር ነው። በ1517 የተጻፈ ደንብ ማንም ሰው በበረዷማው የክረምት ወቅት መቀለብ ከሚችለው በላይ ላሞች ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳይሰድድ ይከለክላል፤ ተላላፊውን የሚቀጣው ሹምም የቅጣቱን ገንዘብ ግማሽ ለራሱ ይወስዳል። ሕግ ማውጣት፣ መቆጣጠርና ለተቆጣጣሪው የሚያተጋ ጥቅም መስጠት በዚህች አጭር ደንብ ውስጥ ተጠቃልለው አሉ። የፖለቲካ ሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ የገለጥሁት ከዚህ በኋላ ስለነበር ስለ ተቋማት የሚናገሩት ምዕራፎች ደረቅ ትርጓሜ አልሆኑብኝም።

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ በማስታወሻዬ ሁለት ነገር ብቻ እጽፍ ነበር፦ ጸሐፊው እንደ ማስረጃ የሚቀበለው ምንድን ነው? ሳይከራከርበት አምኖ የተነሣውስ? ፈላስፋው በሙግት፣ አንትሮፖሎጂስቱ አብሮ በመኖር፣ የኢኮኖሚክስ ሰው በሞዴል፣ የታሪክ ሰው በሰነድ ያምናል። ይህን ሳይለዩ ከተለያየ ዘርፍ የመጡ ድምዳሜዎችን ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው ብዬ አምናለሁ።

የአንድ ጥያቄ ንባብ የራሱ ወሰንም አለው። የቶርበል የ1483 ስምምነት በመንደሩ መሬት የገዛ እንግዳ የጋራ ግጦሽ መብት እንደማያገኝ ይደነግጋል፤ ስለ ትብብር የያዝሁት ጥያቄ ግን ከትብብሩ ውጭ የቀረውን ሰው አያነሣም። ስለዚህ ቀጣዩን ንባቤን «አባል ማን ነው? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ጀመርሁ፤ በዚህ ጊዜ ታሪክንና የሕግ ትምህርትን በማስቀደም።