የኋላው በር ቁልፍ

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ሲገባ ሌሊቱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እኔ የማድረው ዘጠኝ አረጋውያን በሚጦሩበት ትንሽ ቤት ነው። ሌሊት ተረኛ እኔ ብቻ ነኝ። ዘበኛው ውጭ ነው፤ እሱም እንቅልፋም ነው።

ባለፈው ወር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ። ሮጬ ገባሁ። አንዲት እናት ጧፍ አብርተው ይጸልያሉ፤ የመጋረጃው ጫፍ ይጨሳል። በእርጥብ ፎጣ አፍኜ አጠፋሁት። «እመቤቴ ናት ያተረፈችን» አሉኝ። እኔን ላብ ያጠመቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። የኋላው በር ቁልፍ የት ነው? የቀን ተረኛዋ ቦርሳ ውስጥ፣ እቤቷ አድሯል።

በማግስቱ ባለቤቱን አናገርኳቸው። ጓጉንቸሩ ይውጣ፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይግባ አልኩ።

«ሌባስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሌባ ቢበዛ ቴሌቪዥኑን ነው የሚወስደው።»

አመኑልኝ። ሌሊት ተነስተው የሚወጡ አንድ አባት ስላሉ በሩ ላይ የበግ ቃጭል አሰርን። ጧፉን መከልከል አይታሰብም፤ አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ ይተከላል፣ መጋረጃው ወልቋል። ከሰል ግን መኝታ ቤት አይገባም። መርዙ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በምትኩ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን እግራቸው ስር እናደርጋለን።

የጭስ ማስጠንቀቂያም ኮርኒስ ላይ ተሰቀለ። መጀመሪያ ማዕድ ቤት ሰቀልነው፤ ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር ሲጮህ አዛውንቱን አስበረገጋቸው። አሁን ኮሪደር ላይ ነው። እሳት ማጥፊያው ከጤፍ ጆንያ ጀርባ ተገኘ፣ የግፊት መለኪያው ቀስት ቀዩ ላይ ወድቆ፤ ግፊቱ አልቋል ማለት ነው። ተሞልቶ መጣ።

ከአልጋ የማይነሱትን ሁለት አባቶችስ? ብቻዬን መሸከም አልችልም። የመንዝ ባና ላይ አድርጎ መሬት ለመሬት መጎተት ይቻላል። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ታች ያለው አየር ይሻላል። ሱፍ ደግሞ ቶሎ አይያያዝም፤ የሱቁ ናይለን ብርድ ልብስ ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ዘበኛውን በሽተኛ አድርጌ ተለማመድኩ፤ እየሳቀ ክብደቱን ጨመረብኝ። ከመጎተቴ በፊት ግን እሳቱ ያለበትን ክፍል፣ ሰው ካወጣሁበት፣ በሩን እዘጋለሁ። የተዘጋ በር ጭሱን ይዞ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠኛል።

የእነዚያ የሁለቱ አባቶች መስኮት ፍርግርግ አሁንም እንደተበየደ ነው። ብየዳ ሠራተኛው ለማክሰኞ ቀጥሮኝ ነበር፤ ሁለት ማክሰኞ አለፈ። እስከዚያው አልጋቸውን በሩ አጠገብ አድርጌዋለሁ።